«አታምነኝም ወይ?» ከመባባላችን በፊት፦ ያገለገለ መኪና ስለመግዛት



ሰሞኑን በኢንቦክስም፣ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅም፣ ቡና ላይም የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «መኪና ልገዛ ነው፤ ካምሪ ይሻለኛል፣ አኮርድ ወይስ ፕሪየስ?» ታክሲ ነጂ ስለሆንኩ መልሱ ምላሴ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በጥያቄ ነው የምመልሰው፦ «ከማን ነው የምትገዛው? ማን አየልህ?» ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ከሀገር ልጅ ነው፣ ችግር የለውም» የሚል ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች «ችግር የለውም» ስለምትባለው ነገር ነው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያምነውን መካኒክ ሳይዝ አይሄድም። የገዛ አክስቱን ልጅ መኪና ቢገዛ እንኳ «እስቲ አንድ ሰው ይይልኝ» ይላል፤ የሚቀየም የለም። መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ላሜራውን በጣቱ እያንኳኳ ስቱኮ ይፈልጋል፣ ከሥር ይተኛል፣ ሊብሬው ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ነው የዋጋ ወሬ የሚጀመረው። እዚህ አሜሪካ ስንመጣ ግን ይህን ልማድ ሻንጣችን ውስጥ ሳንከተው የቀረን ይመስላል። ግማሻችን «አሜሪካ ሲስተም አለ፣ ማን ያታልላል» እንላለን። ግማሻችን ደግሞ ወገን ወገንን አይጎዳም ብለን፣ መኪናዋን በቀን ብርሃን እንኳ ሳናያት ዜል አድርገን እንከፍላለን።

ሌላም ልዩነት አለ። ሀገር ቤት መኪና ሀብት ነው። የ80ዎቹ ዲኤክስ ኮሮላ ስንት ዓመት ተነድታ ዋጋዋ እንዳልወደቀ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ግን መኪና በየቀኑ ዋጋው የሚቀንስ ዕቃ ነው። ሀገር ቤት ተሳስቶ የገዛ ሰው ጠግኖ ይሸጠዋል። እዚህ ተሳስቶ የገዛ ሰው የመካኒኩ የሰዓት ክፍያ ብቻ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄው መብዛት ያለበት እዚህ ነበር።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በዲቪ የመጣ አንድ ልጅ፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሌሊት የሚሠራ፣ እቁብ ወጣለት። 9,000 ዶላር። ቀን ቀን ምግብ እያደረሰ ሁለተኛ ሥራ ሊሠራበት መኪና ፈለገ። በማኅበር የሚያውቀው አንድ ታላቅ ወንድማችን ካምሪውን በ8,500 እሸጥልሃለሁ አለው። መኪናዋ ታጥባ ታበራለች፣ ወንበሯ ንጹሕ ነው፣ ሰውየውም ጨዋ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ አብረኸኝ ና» ብሎኝ ሄድኩ። አየኋት፣ ነዳኋት። «ጥሩ ናት፤ ነገ መካኒክ ጋ ወስደን አስነስተን እንያት» አልኩ።

ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። «አታምነኝም ወይ?» አለው ልጁን። ልጁ አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ሲባል «እሺ ይቅር፣ እከፍልሃለሁ» ለማለት አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ይሉኝታ እኮ ነው ስንቱን ያስከፈለን!

እኔ ገባሁበት። «ወንድሜ፣ አንተን እናምንሃለን። የማናውቃት መኪናዋን ነው። አንተም ከገዛሃት ሁለት ዓመትህ ነው፤ ከዚያ በፊት የት እንደነበረች አንተም አታውቅም» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እውነትህን ነው» አለ። በማግሥቱ ወሰድናት።

መካኒኩ አነሳት፤ የወንበሮቹን ብሎኖች አየ፣ ዝገዋል። የትርፍ ጎማ ማስቀመጫውን ከፈተ፣ ጥጉ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቶ አወጣው፤ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ጫፍ ላይ የውኃ መስመር ታየ። የጎርፍ መኪና ናት። ሪፖርቷን ስናወጣ ከዓመታት በፊት አውሎ ነፋስ በመታው ስቴት ተመዝግባ ነበር። ከዚያ ስቴት ለስቴት እየዞረች ታይትሏ ላይ የነበረው ምልክት ጠፍቷል። ታይትል ማጠብ ይሉታል እዚህ፤ መኪና ብቻ ሳይሆን ወረቀትም ይታጠባል።

ከሁሉ ያዘንኩት ለሻጩ ነው። ሰውየው አልዋሸም። መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው በ11,000 የገዛት፣ «ችግር የለውም» ተብሎ ነው። እሱም ያመነው ሰው ነበረው። ልጁ ያን ቀን ከፍሎ ቢሆን፣ ከስድስት ወር በኋላ የኤሌክትሪክ ገመዱ እየበሰበሰ መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ስትቆም ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ አይኖራቸውም ነበር። አንዱ «ሸወደኝ» ይላል፣ ሌላው «ስሜን አጠፋ» ይላል፣ ማኅበሩም ለሁለት ይከፈላል። የ150 ዶላር ምርመራ ያዳነው እቁቡን ብቻ ሳይሆን ወዳጅነታቸውንም ነው። ሰውየው መኪናዋን ኋላ ታሪኳን ተናግሮ በርካሽ ሸጣት፤ ልጁም ሌላ ገዛ። አሁንም አብረው ቡና ይጠጣሉ።

እንግዲህ አባቶች «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያሉት ገንፎ የሠራችውን እናት ለመስደብ አይደለም። ስንጥሩን እሷም አላየችው ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ምን እንይ?

መጀመሪያ ወረቀት። እያንዳንዱ መኪና ቪን የሚባል ቁጥር አለው። ከ1981 ሞዴል ጀምሮ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ በውስጡ የሉም። 10ኛዋ ምልክት የሞዴሉን ዓመት ትናገራለች። ይህን ቁጥር በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ባለው ስቲከር እና በታይትሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ ቁልፉን መልሳችሁ ወደ ቤት።

ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። «የጓደኛዬ መኪና ናት፣ እኔ ነኝ የምሸጥለት» ከተባለ ጓደኛው ይምጣ። ያለ ፈቃድ ብዙ መኪና እየገዙ በራሳቸው ስም ሳያዞሩ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ነገ ችግር ቢመጣ ወረቀቱ ላይ ስማቸው የለም። የባንክ ዕዳ ካለባት ደግሞ ዕዳው መዘጋቱን ከባንኩ በወረቀት ሳታዩ አትክፈሉ። ሳልቬጅ ወይም ሪቢልት የሚል ምልክት ካለ፣ በተለይ ለራይድ ሥራ ከሆነ ተዉት፤ ትላልቆቹ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ታይትል አይቀበሉም።

የተሰረቀ ወይም ሳልቬጅ ተብሎ ሪፖርት የተደረገ መሆኑን የናሽናል ኢንሹራንስ ክራይም ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ቪኑን አስገብታችሁ በነጻ ታያላችሁ። ያልተሠራ ሪኮል ካለ ኒትሳ የሚባለው የፌዴራል የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በነጻ ይነግራችኋል። ይህቺን አትናቋት። የታካታ ኤርባግ ሪኮል አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባጎችን የነካ ነው፤ ሲፈነዳ ብረት እየረጨ ሰው የገደለ ኤርባግ ነው። ጥገናው ዲለር ጋ በነጻ ነው፤ ግን ሳያስጠግኗቸው የሚነዷቸው መኪኖች ዛሬም አሉ።

ካርፋክስ ጥሩ ነው፣ አውጡ። ግን «ካርፋክሷ ንጹሕ ነው» ማለት «መኪናዋ ንጹሕ ናት» ማለት አይደለም። ለፖሊስም ለኢንሹራንስም ሳይነገር ጓሮ ውስጥ የተጠገነ ግጭት እዚያ ላይ አይወጣም። የስቴት ኢንስፔክሽን ስቲከርም እንዲሁ ነው። የሚያየው ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ የመሳሰለውን ነው፤ ሞተሯ ዘይት ትበላ እንደሆነ፣ ካምቢዮዋ ሊሞት እንደሆነ አይነግራችሁም።

ቀጥሎ መኪናዋ። ስትሄዱ በቀን ሂዱ፤ ዝናብና ማታ ጭረትን ይደብቃሉ። ሻጩን «ሳታስነሣት ጠብቀኝ» በሉት፤ ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ካገኛችሁት አስቀድሞ አስነሥቷታል ማለት ነው። ብዙ በሽታ የሚታየው ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለች ነው ይላል። ነጭ ጭስ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለውና የማያቋርጥ ከሆነ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነገር ነው፣ ብዙ ገንዘብ ነው።

ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሣ ስታዞሩ ዳሽቦርዱን እዩ። የቼክ ኢንጂንና የኤርባግ መብራቶች በርተው ኋላ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ የማይበራ ካለ አንድ ሰው አምፖሏን ነቅሏል ወይም ደብቋታል። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ያሉት መኪኖች ሁሉ ከመሪው ሥር የኮምፒውተር መሰኪያ አላቸው። ርካሽ ስካነር ገዝታችሁ ሰኩት። ኮዱ ብቻ ሳይሆን «ሬዲ» የሚሉትን መስመሮች እዩ። ብዙዎቹ «ኖት ሬዲ» ካሉ ባትሪው ተነቅሏል ወይም ኮዱ ሰሞኑን ተሰርዟል። ሻጩ የቼክ ኢንጂን መብራትን ትናንት አጥፍቶ ዛሬ ሊያሳያችሁ ይሆናል።

ከዚያ ንዱ። ሰፈር ዞሮ መመለስ መንዳት አይደለም፤ ሃይዌይ ውጡ። ማርሹ ከፓርክ ወደ ሪቨርስ ሲገባ ቢዘገይ ወይም ቢመታ ምልክት ነው። ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከጎማው በኩል ከመጣ አክስሉ ነው። ሬዲዮኑን ዝጉት። ሻጩ በጣም የሚያወራ ከሆነ እሱንም በትሕትና።

ጎማዎቹን እዩ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። አራቱም ጎማ የተለያየ ርካሽ ዓይነት ከሆነ ባለቤቱ ዘይት ሲቀይርም እንዲሁ ነበር ብላችሁ ገምቱ።

አሁን ከእኔ ሙያ አንድ ምሥጢር ላካፍላችሁ። የሠራች መኪና፣ ማለትም ታክሲ ወይም ራይድ የነበረች፣ ከኋላ ነው የምትታወቀው። የግል መኪና የሾፌሩ ወንበር ያረጃል፣ የኋላው አዲስ ነው። የሠራች መኪና ግን የኋላ ወንበሯ ይሰምጣል፣ የኋላ በር እጀታዎቿ ይላላሉ፣ የኋላ በር ደፏ በጫማ ይፋቃል፣ የዕቃ መጫኛዋ ከንፈር በሻንጣ ይጫራል። ሰው ዳሽቦርዱን ያስወለውላል፣ ይህንን ግን አይረሳም የሚል አላየሁም። ማይሏ ትንሽ ነው ቢባል እንኳ፣ እኛ ኤርፖርት ላይ ሞተር ሳናጠፋ የምንቆምበትን ሰዓት ማይል ቆጣሪው አይቆጥረውም። ዲጂታል ቆጣሪ አይነካም የሚላችሁንም አትስሙ፤ በኮምፒውተር ወደ ኋላ ይመለሳል። 60,000 ማይል የምትል መኪና የፍሬን ፔዳሏ ጎማ ተበልቶ ካለቀ ፔዳሉን እመኑ።

መሥራቷ ብቻውን ግን ኃጢአት አይደለም። ዘይቷ በሰዓቱ እየተቀየረ ሃይዌይ ላይ 120,000 የሄደች መኪና፣ ከተማ ውስጥ ተረስታ 60,000 ከሄደችው ትሻላለች። ዋናው ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ያለው ሻጭ ሲገኝ ትንሽ ጨምራችሁም ግዙ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ የራሳችሁን መካኒክ ክፈሉ። የራሳችሁ ያልኩት ሻጩ የመረጠላችሁን አይደለም፤ መኪናዋ ብትሸጥም ባትሸጥም የማይጠቀም ሰው ማለቴ ነው። «ማስነሣት አልፈቅድም» የሚል ሻጭ፣ ዲለርም ይሁን ወገን፣ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሁን ገንዘብ። ዲለር ጋ ስትቀመጡ የምትጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ነው። ይህን ጥያቄ አትመልሱ። በቁጥር ላሳያችሁ። 14,000 ዶላር ተበደራችሁ እንበል። በ18 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ከሆነ በወር 319 ዶላር ገደማ ነው። በ7 በመቶ ለ48 ወር ከሆነ 335 ዶላር ገደማ ነው። በወር የ16 ዶላር ልዩነት ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው 319ኙን ይመርጣል። ሲደመር ግን የመጀመሪያው 23,000 ገደማ፣ ሁለተኛው 16,100 ገደማ ነው። ወደ 7,000 ዶላር! ያ እናት የሚታከሙበት ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ዲለር ከመሄዳችሁ በፊት ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን ሂዱና ስንት ወለድ እንደሚሰጧችሁ አስጽፉ። ዲለሩ ከባንክ በሚያገኘው ወለድ ላይ ጨምሮ ሊሸጥላችሁ ይችላል፤ የተጻፈ ወረቀት በእጃችሁ ካለ ግን ይጠነቀቃል። ስለ ዋጋ ስትነጋገሩ «አውት ዘ ዶር ስንት ነው?» በሉ፤ ታክስ፣ ታይትል፣ የወረቀት ክፍያ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። መፈረሚያው ክፍል ውስጥ ዋራንቲ፣ ጋፕ፣ ምንትስ እያሉ የሚጨምሩት ነገር የግድ አይደለም፤ «አልፈልግም» ይበቃል።

መስኮቱ ላይ ባየርስ ጋይድ የሚባል ወረቀት ይለጠፋል፤ የፌዴራል ሕግ ነው። «አዝ ኢዝ» የሚለው ላይ ምልክት ካለ፣ ከበር ከወጣችሁ በኋላ የሚበላሸው የእናንተ ነው። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱ በስፓኒሽ መሆን አለበት። ለእኛ አማርኛ የለውም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ የምታነብ ልጅ ወይም ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ወገን «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» ሲል እሰማለሁ። ዲለር ቤት ሄዳችሁ ለገዛችሁት መኪና የፌዴራል ሕጉ እንዲህ ያለ መብት አይሰጥም። ከፈረማችሁ ፈረማችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ቪኑን ለኢንሹራንስ ሰጥታችሁ ዋጋ ጠይቁ፤ ለአዲስ ገቢ ኢንሹራንሱ ከመኪናው ዕዳ ሊበልጥ ይችላል። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ስትገዙ 4.15 በመቶ ታክስ አለ፤ ከዚያም ካውንቲው በየዓመቱ በመኪናዋ ዋጋ ልክ ታክስ ይልክላችኋል። ስንት አዲስ ገቢ ያን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሎት እንደጣለው እኔ አውቃለሁ።

ኮሳይን ስለሚባለው ነገርም አንድ ቃል። ለወዳጅ መፈረም «ምስክር መሆን» አይደለም፤ ዕዳው ሙሉ በሙሉ የእናንተም ነው። እሱ ባይከፍል የሚጠየቀው እናንተ፣ ክሬዲቱ የሚበላሸው የእናንተ። ከፈረማችሁ ወርኃዊ ሒሳቡን እናንተም እንድታዩት በስልካችሁ ክፈቱት፣ ይህንንም ሳትደባበቁ ተነጋገሩ። አለማመን አይደለም። ነገ እንዳትጣሉ ነው።

ወገኖቼ፣ ለገዢዎች ይህን ያህል ካልኩ የመጨረሻው ቃሌ ለሻጮች ነው። ሁላችንም አንድ ቀን ሻጮች ነን። መኪናችሁን ለሀገር ልጅ ስትሸጡ እሱ እስኪያፍርና እስኪደናገር አትጠብቁ። አስቀድማችሁ «ወንድሜ፣ ውሰድና አስመርምራት፤ እኔም የማላውቀው ነገር ሊኖር ይችላል» በሉት። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አዲስ የመጣውን ልጅ ከይሉኝታ ታድነዋለች። ስማችሁንም ታድናለች። ሻጩ ራሱ «አስመርምራት» ማለት ከጀመረ «አታምነኝም ወይ?» የሚለው ቃል ከመካከላችን ይጠፋል።

መካኒክ የሆናችሁ፣ ዲለር ቤት የምትሠሩ፣ የረሳሁት ካለ በኮሜንት ጨምሩበት። በዚህ ዓመት አዲስ የገባ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ እቁቡ ከመውጣቱ በፊት ላኩለት።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ቸር እንሰንብት።